ሥራ የበዛበት ሰው፣ ቻይንኛና የቤተሰብ ጉዞ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የሚውል ሰው ስለ ትርፍ ጊዜው ሲጠየቅ መልሱ ይታወቃል፦ “ጊዜ ሳገኝ።” ቻይንኛው ለከርሞ፣ ልጆቹን ይዞ መጓዙም ለከርሞ ይተላለፋል። የጊዜ እጥረቱ እውነት ነው። እኔ ግን ከጊዜው ይልቅ የተሳሳተ ግምት የሚያስቀር ይመስለኛል። ደጋግመው የሚነሱትን እንያቸው።

“ቻይንኛ ለመማር ዕድሜዬ አልፏል”

ግማሹ እውነት ነው። በ2018 የወጣና (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ 670,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጥናት፣ የመማር አቅም እስከ 17 ዓመት ገደማ ሳይቀንስ እንደሚቆይ፣ ከዚያ በኋላ እንደሚወርድ አሳይቷል። ወረደ ማለት ግን ቆመ ማለት አይደለም። በ1978 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ኔዘርላንድ የገቡ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ተከታትሏል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ታዳጊዎቹና አዋቂዎቹ ከትንንሾቹ ልጆች ፈጥነው ደች ይማሩ ነበር። አዋቂ ማንበብ ይችላል፣ ያልገባውን ለይቶ ይጠይቃል፣ የሚያስፈልገውን መርጦ ያጠናል። የሚያስቸግረው በዋናነት የአነጋገር ቃናው ነው። ቤጂንግ እንደተወለደ ሰው ካልተናገርኩ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ካልሆነ በቀር ይህ ብዙ የሚያሳስብ አይደለም።

“በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች መሸምደድ አለብኝ”

ብዙውን ሰው ከበሩ የሚመልሰው ይሄኛው ነው። በ1716 የተጠናቀቀው ካንግሺ የሚባለው የቻይንኛ መዝገበ ቃላት ከ47,000 በላይ የጽሕፈት ምልክቶች ስላሉት ወሬው ከባዶ አልተነሣም። ግን አብዛኞቹን ቻይናውያን ራሳቸውም አያውቋቸውም። የቻይና መንግሥት በ2013 ያወጣው ዝርዝር 8,105 ምልክቶች አሉት። ለዕለት ተዕለት ንባብ ዋና ተብለው አንደኛ ደረጃ ላይ የተቀመጡት 3,500 ናቸው።

እነሱም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው ለብቻ የሚሸመደዱ ሥዕሎች አይደሉም። አብዛኞቹ ከሁለት ክፍል የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ትርጉሙን ይጠቁማል፣ ሌላው ድምፁን። “ፈረስ” የሚለውን ምልክት እንውሰድ። ሲነበብ “ማ” ነው። ከጎኑ “ሴት” የሚለው ሲጨመር “እናት” ይሆናል፣ አሁንም “ማ”። “አፍ” ሲጨመር ዓረፍተ ነገርን ጥያቄ የሚያደርግ ቅንጣት ይሆናል፣ እሱም “ማ”። “ነፍሳት” ሲጨመርስ? ጉንዳን የሚለው ቃል መነሻ ነው፣ ደግሞ “ማ”። የድምፁ ዜማ ይለያያል እንጂ ፈረሱ ሁሉም ውስጥ ቆሟል። ይህን አሠራር የያዘ ሰው አዲስ ምልክት ሲያይ ከዜሮ አይጀምርም።

በእጅ መጻፉስ? ከ1958 ጀምሮ ቻይንኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ፒንዪን የሚባል ሥርዓት አለ። ስልክ ላይ ድምፁን በፒንዪን ትጽፋለህ፣ ምልክቶቹ ይደረደሩልሃል፣ ትመርጣለህ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ምልክቶች በእጅ መጻፍ ጥሩ ነው ባይ ነኝ፤ ዓይን ክፍሎቹን መለየት ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ሥራ ውሎ ለመጣ ሰው ስልኩ ይበቃዋል።

“የዘፋኝ ጆሮ ይጠይቃል”

አይጠይቅም። በቻይንኛ ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ የቃሉ ትርጉም ይለወጣል፤ ዜማ ያልነው ይህንን ነው። ዜማዎቹ አራት ናቸው፣ ከእነሱ ሌላ ለስለስ ተደርጎ የሚባል አለ። የሚለኩትም በራስህ ድምፅ ነው፤ ወፍራም ድምፅም ቀጭን ድምፅም ይሠራል። ደግሞ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ ቃል ሳይቸገር የሚለይ አማርኛ ተናጋሪ፣ ጆሮዬ አይሠራም ቢል ማን ያምነዋል?

“ሰዋስውማ አይቻልም”

የቻይንኛ ግስ በጾታ፣ በቁጥርና በጊዜ አይረባም። “ሄድኩ፣ ሄደች፣ ይሄዳሉ” ብሎ ነገር የለም። ለዕቃ መቁጠሪያ የሚገቡ ቃላት ግን አሉ፤ መጽሐፍ በአንዱ፣ ወረቀት በሌላው ይቆጠራል። ያታክታሉ፣ ግን ይለመዳሉ።

“በስድስት ወር አቀላጥፋለሁ”

ይሄ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ተስፋ ነው። የአሜሪካ ዲፕሎማቶችን የሚያሠለጥነው ተቋም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቻይንኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ እንዲያውቅ 2,200 የክፍል ሰዓት ይመድባል። በቀን ግማሽ ሰዓት ለሚያጠና ሰው 12 ዓመት ነው። ተስፋ አያስቆርጥህ፤ የተቋሙ ግብ ሙሉ ሥራ በቻይንኛ የሚሠራ ዲፕሎማት ነው። ሰላምታ ለመስጠት፣ መንገድ ለመጠየቅ፣ ምግብ ለማዘዝ የሚበቃው እጅግ ያነሰ ነው።

ዋናው ሰዓቱን መበተን ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እንዳሳየው የተጠና ነገር ቶሎ ይረሳል፤ በየጊዜው የተከለሰ ግን ይቆያል። ስለዚህ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ሃያ አምስት ደቂቃ ይሻላል። “ልማድ በ21 ቀን ይያዛል” የሚሉህንም አትስማ። በ2010 የወጣ የለንደን ጥናት አማካዩን 66 ቀን አግኝቶታል፤ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን ማምለጡም ብዙ አልጎዳም።

“እረፍት ማለት ምንም አለመሥራት ነው”

ከሥራ በኋላ ስለ ማገገም ያጠኑት ሳቢነ ዞነንታግና ሻርሎት ፍሪትዝ በ2007 አራት ነገር ለይተዋል፦ ከሥራ ሐሳብ መላቀቅ፣ ዘና ማለት፣ አዲስ ነገር መልመድና ጊዜን ራስ ማዘዝ። ሶፋ ላይ ተጋድሞ የቢሮ ኢሜይል የሚያይ ሰው የመጀመሪያውን እንኳ አላገኘም። ከማያውቀው ምልክት ጋር የሚታገል ሰው ግን አለቃውን ለማሰብ ጊዜ የለውም።

“ረጅም ፈቃድ ካልተገኘ ጉዞ ዋጋ የለውም”

በ2010 የታተመ፣ 1,530 ሆላንዳውያንን ያካተተ ጥናት እንዳመለከተው፣ ለእረፍት የሚሄዱት ከማይሄዱት ይበልጥ ደስተኞች የነበሩት ከጉዞው በፊት ነው። ከተመለሱ በኋላ አብዛኞቹ ከሌላው ሰው እምብዛም አልተለዩም። እንግዲህ ጉጉቱ ራሱ ትልቅ ድርሻ ካለው፣ ለዓመታት ከሚጠበቅ አንድ ረጅም ጉዞ ይልቅ አጫጭር የሆኑ ብዙ ጉዞዎች ያዋጣሉ። ልጆቹንም በእቅዱ ማስገባት ነው፤ የመጠበቁ ደስታ ለእነሱም ይደርሳል።

“ልጅ ይዞ ማጥናት አይቻልም”

ጉዞው ወደ ቻይና ከሆነ ልጁን ሥራ ስጠው። “አፍ” የሚለው ምልክት ባዶ ሳጥን ይመስላል። “መውጫ” በሚለውም “መግቢያ” በሚለውም ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሳጥኑን ቀድሞ ያየ ያሸንፋል በለው። አንተ ገና ሻንጣ ስትጎትት እሱ መውጫውን አግኝቶ ይጠራሃል።