ከወሎ ወደ እንግሊዝኛ፦ የቴክኒክ ትርጉም ጥራት እንዴት ይመዘናል?

ወሎ ውስጥ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጎመው ቴክኒካዊ ጽሑፍ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የማሽን ጥገና ሪፖርትና የሥራ ላይ ደህንነት መመሪያ አለ። ደሴ ላይ የውሃና የጤና ፕሮጀክት ሰነድ፣ የግንባታ ውል፣ የመመረቂያ ጥናት መጠይቅ ይተረጎማል። ወልድያ አጠገብ ባለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አካባቢ ደግሞ የገበሬ ቃል ወደ ምርምር ዘገባ ይገባል። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም የጥገና ሰነዳቸው በሁለት ቋንቋ ይንቀሳቀሳል።

ሥራውን የሚሠሩት በአብዛኛው ተርጓሚ ተብለው የተቀጠሩ አይደሉም። መሐንዲሱ ነው፣ የእርሻ ባለሙያው ነው፣ መምህሩ ነው። አንዳንዴም ጽሕፈት ቤት ውስጥ ታይፕ የምታደርገው ልጅ ናት። አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው፤ በከሚሴና በዙሪያው ደግሞ በኦሮምኛ። እንግሊዝኛን ያገኙት ከክፍል ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ሳይንሱን በእንግሊዝኛ ስለተማሩ የሙያውን ቃል ያውቃሉ። የዕለት ተዕለቱ እንግሊዝኛ ግን ይጎረብጣቸዋል።

ሰነዱ ሲያልቅ አለቃው የሚጠይቀው «እንግሊዝኛው እንዴት ነው?» ብሎ ነው። አንዳንዱ «ፈረንጅ አይቶታል?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች ዋናውን ነገር ይስታሉ። ቴክኒካዊ ትርጉም የሚመዘነው አንባቢው አንብቦ በሚሠራው ሥራ ነው። ቫልቩን በትክክለኛው ሰዓት ከዘጋ፣ ማዳበሪያውን በትክክለኛው መጠን ከበተነ፣ ትርጉሙ ሠርቷል። ሰዋስውና ውበት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

አንባቢው ማን ነው?

ዩኔስኮ በ1976 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ ያጸደቀው የተርጓሚዎች ምክረ ሐሳብ፣ ተርጓሚ በተቻለ መጠን ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲተረጉም ይመክራል። ወይም ያንኑ ያህል ወደተካነው ቋንቋ። ምክሩ ጥሩ ነው። ግን አማርኛ የሚያነብ፣ የማሽላ በሽታ የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛን ከእናቱ የተማረ ሰው ለደሴ ከየት ይምጣላት? ስለዚህ ሥራው በአገሬው ሰው እጅ ይቀጥላል። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ ማየት ልክ አይመስለኝም። ከአማርኛው የሚያመልጥ ትርጉም ካለ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።

አንባቢውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዛዊ አይደለም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀውን የባቡር መስመር የገነባው የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገነባው የቻይና ኩባንያ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ጸሐፊውም አንባቢውም እንግሊዝኛን በትምህርት ያገኙት ናቸው። ያጌጠ እንግሊዝኛ እዚህ ጋ ጌጥ አይሆንም፤ መሰናክል ይሆናል።

የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ይህን ቀድሞ ተረድቶታል። አውሮፓውያን አምራቾች በ1986 እ.ኤ.አ. የቀለለ የቴክኒክ እንግሊዝኛ ደንብ አወጡ። ዛሬ ኤኤስዲ-ኤስቲኢ100 ይባላል። የሥራ ትእዛዝ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃል፣ ገላጭ ዓረፍተ ነገር ከ25 ቃል እንዳይበልጥ ያዛል። አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ይኑረው ይላል። የደንቡ ዓላማ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ጥገና ሠራተኛ እንዳይሳሳት ነው። ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ተርጓሚም ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ረጅም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሦስት አራት ቦታ እንዲቆርጠው ፈቃድ ይሰጠዋል።

ስሕተት በነጥብ ሲቆጠር

ጥራትን በቁጥር ለመለካት ከወጡት መለኪያዎች የታወቀው የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጄ2450 ነው። ስሕተትን በ7 ዓይነት ይከፍላል። እያንዳንዱን ከባድ ወይም ቀላል ይለዋል። የተሳሳተ የሙያ ቃል ከባድ ከሆነ 5 ነጥብ ያስቀጣል። የሥርዓተ ነጥብ ስሕተት ከባድ እንኳ ቢሆን 2 ነው። ድምሩ በምንጩ ጽሑፍ ቃላት ብዛት ይካፈላል። ከዚያ ወዲህ ኤምኪውኤም የሚባል ሰፋ ያለ መለኪያ መጥቷል፤ ደንበኛው እንደ ሥራው የስሕተት ዓይነቶቹን ይመርጣል።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም የአነጋገር ቅላጼንና ስሕተትን መለየቱ ነው። አማርኛ ከስም በፊት «አንድ» ማለት አያስፈልገውም፤ እንግሊዝኛ ግን ያለ መስተአምር («አ» ወይም «ዘ») አይሄድለትም። ስለዚህ የእኛ ሰው ሲጽፍ «ዘ» የምትባለዋን ይጥላታል፣ ወይም በማያስፈልግበት ይጨምራታል። ገምጋሚው ገጹን በቀይ ይሞላዋል። በነጥብ ሲሰላ ግን እነዚህ ቀላል ስሕተቶች ናቸው፤ ማንም በእነሱ ምክንያት የተሳሳተ ቧንቧ አይገጥምም። ያው ገምጋሚ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ የተጻፈ የተሳሳተ ልኬት ሊያሳልፍ ይችላል።

አንድ ነገር ግን መታረም አለበት። አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ያጭቃል። «ስለማይፈቀድላቸው» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ቢያንስ አምስት ይፈልጋል። ነጥቡ በምንጩ ቃላት ሲካፈል ከአማርኛ የሚተረጉም ሰው ካካፋዩ ማነስ የተነሳ የባሰ ውጤት ያገኛል። ከፈረንሳይኛ ከሚተረጉም ጋር በአንድ ወሰን ማወዳደር ፍትሕ አይደለም። በእንግሊዝኛው ቃላት ማካፈል ይሻላል።

ከባዱ ስሕተት የሚደበቅበት

የወሎ ሰነድ የራሱ አደገኛ ቦታዎች አሉት። ገምጋሚ ጊዜ ካጠረው እነዚህን ብቻ እንኳ ቢያይ ይበቃዋል።

አንደኛው ዘመን ነው። የ2016 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በውጭው አቆጣጠር ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ማለት ነው። ተርጓሚው «2016» ብሎ ካለፈ ለጋሹ የድሮ ሪፖርት የደረሰው ይመስለዋል። ሰዓትም እንዲሁ። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የተሰጠ መድኃኒት በእንግሊዝኛው 8 ሰዓት መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ስሕተት በሰዋስው ዓይን አይታይም፤ ዓረፍተ ነገሩ እንከን የለውም።

ቀጥሎ እርሻው ይመጣል። ወሎ ደጋው ላይ፣ ከመቄት እስከ ለጋምቦ፣ በልግ ትልቅ ነገር ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ከቀረ ረሃብ ይመጣል። በልግ በአውሮፓ ወቅት ስም ከተተካ ይህ ሁሉ ይጠፋል። «በልግ» ብሎ መተውና ወራቱን መጻፍ ይበጃል። «የባሕር ማሽላ» የሚል አዛውንት ገበሬ ካለ በቆሎ ማለቱ ነው፤ ማሽላ ብሎ የተረጎመ ሰው የሰብል መረጃውን ሁሉ አበላሸ። «ዋልካ» የተባለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በእንግሊዝኛው ጥቁር አፈር ብቻ ከተባለ የጃማ ወረዳን መንገድ ለሚነድፈው መሐንዲስ የሚነግረው ነገር የለም። መለኪያም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፣ ችግር የለውም። ጥማድ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሪፖርቱ የዚያን ቀበሌ ልክ በሄክታር ካልነገረን ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ሌላው ፊደላችን ራሱ ነው። ጥብቀትና ልልትን አያሳይም። «ሠራተኛው በየሰዓቱ ይለካል» ሲባል የሚለካው እሱ ነው ወይስ እሱን ነው የሚለኩት? «ለ»ን አጥብቀን ስናነባት ትርጉሙ ይገለበጣል። ውል ላይ ደግሞ «ተቋራጩ አሸዋ ያቀርባል» ይላል። ልማዱን ነው፣ ወደፊት የሚያደርገውን ነው ወይስ ግዴታውን? አማርኛው በአንድ ግስ ሁሉንም ይሸከማል። የእንግሊዝኛ ውል ግን ግዴታን ለይቶ መናገር ይፈልጋል። እዚህ ላይ የተሳሳተ ተርጓሚ የፍርድ ቤት ክርክር ያመጣል።

የቦታ ስም ቀላል ነው፤ ደሴም ወልድያም በላቲን ፊደል ብዙ ዓይነት አጻጻፍ አላቸው። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጠቀም ነው።

ማን ይገምግም?

ለጤና መጠይቅ የተለመደው መንገድ መልሶ ማስተርጎም ነው። እንግሊዝኛውን ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ይነጻጸራል። ጠቃሚ ነው፣ ግን ያታልላል። ቃል በቃል የተተረጎመ መጥፎ እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ ቆንጆ ሆኖ ይመጣል። ወደ መጣበት ነዋ የተመለሰው!

በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የትርጉም አገልግሎት ደረጃ፣ አይኤስኦ 17100፣ የተሻለ መፍትሔ አለው። ከተርጓሚው ሌላ የሆነ ሁለተኛ ሰው ትርጉሙን ከምንጩ ጋር ጎን ለጎን እንዲያስተያይ ያስገድዳል። እዚህ ቤት የሚጎድለው ይሄ ነው። ክፍያው በገጽ ነው፤ ለሁለተኛ ዓይን የሚተርፍ የለም። የሚያርመው ሰው ካለም እንግሊዝኛውን ብቻ ያያል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አለ። የእንግሊዝኛ መምህሩም መሐንዲሱም በአንድ ተቋም ይሠራሉ። አንዱ ሰዋስው፣ ሌላው ሙያውን ይዞ ሰነዱን አማርኛው አጠገባቸው ተዘርግቶ አብረው ቢያዩት ውጤቱ የትም ካለ ድርጅት አያንስም።

ጉዳዩን አስቸኳይ ያደረገው የማሽን ትርጉም ነው። ጉግል ትራንስሌት በ2016 እ.ኤ.አ. አማርኛን ከጨመረ ወዲህ ብዙ ሰነድ መጀመሪያ በማሽን ያልፋል። እንግሊዝኛው ለስላሳ ሆኗል፤ መስተአምሩም ቦታውን ይዟል። ድሮ የሰነፍ ትርጉም ገና ከመልኩ ይታወቅ ነበር፣ አሁን አይታወቅም። ማሽኑ «አይክፈቱ»ን «ይክፈቱ» ቢያደርገው ዓረፍተ ነገሩ ያው ያምራል። ስለዚህ የግምገማው ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ አሉታው፣ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ መለኪያውና የሰብሉ ስም ከአማርኛው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። «ዘ» የምትባለዋ ለመጨረሻው ዙር ትቆይ።