ተርሙክስ ላይ ሩት የሚጠይቁ ፓኬጆች

ተርሙክስ አንድሮይድ ስልክ ላይ የሊኑክስ ትዕዛዞችን የሚያሠራ ነፃ አፕ ነው። ፍሬድሪክ ፎርንዋል እ.ኤ.አ. በ2015 ጀመረው፤ ዛሬ በጎ ፈቃደኞች ያለመታከት ይንከባከቡታል። እንደ ፓይተንና ጊት ያሉት አብዛኞቹ ፓኬጆች (በትዕዛዝ የሚጫኑ ፕሮግራሞች) ሩት፣ ማለትም የስልኩን ሲስተም ሙሉ በሙሉ የማዘዝ ሥልጣን፣ አይፈልጉም። የሚፈልጉት ሩት-ሪፖ በተባለ ማከማቻ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ፓኬጅ በሚጭነው በፒኬጂ ትዕዛዝ «ፒኬጂ ኢንስቶል ሩት-ሪፖ» (pkg install root-repo) ብሎ መጻፍ ማከማቻውን ይከፍታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ማከማቻውን መጨመር ስልኩን ሩት አያደርገውም። ስልኩ አስቀድሞ እንደ ማጂስክ ወይም ከርነልኤስዩ ባለ ሩት መስጫ መሣሪያ ሩት መደረግ አለበት። አለበለዚያ የኔትወርክ መከታተያው ቲሲፒደምፕ ያለ ችግር ይጫንና፣ የኔትወርክ ትራፊክ እንዲያነብ ሲታዘዝ ፈቃድ የለም ብሎ ይቆማል።

ሩት ያለው ሰው ደግሞ «ቲኤስዩ» (tsu) የተባለውን ፓኬጅ ቢጭን ይሻላል። ወደ ሩት ተጠቃሚ በሚያስገባው በተለመደው «ኤስዩ» (su) ትዕዛዝ ከገቡ የአንድሮይዱ አካባቢ ስለሚመጣ የተርሙክስ ፕሮግራሞች ላይገኙ ይችላሉ። ቲኤስዩ ፕሮግራሞቹ የሚፈለጉበትን መንገድ (PATH) ያስተካክላል፤ ለሩት ተጠቃሚም የራሱን የተደበቀ ፎልደር ይከፍታል። ፓኬጅ መጫን ግን ሁልጊዜ በተራ ተጠቃሚ ነው። በሩት የተጫነ ፋይል ባለቤቱ ሩት ስለሚሆን አፑ ራሱ መልሶ ሊነካው አይችልም። ፒኬጂ በሩት አልሠራም የሚለውም ለዚህ ነው፤ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ከ2020 እስከ 2022 ያለው ጊዜ ለፕሮጀክቱ ፈታኝ ነበር። አንድሮይድ 10ን ዒላማ ያደረጉ አፖች ከውስጥ ፎልደራቸው የወረደ ፕሮግራም እንዳያስነሱ ተከለከሉ። ጎግል ደግሞ ይህን ዒላማ ግዴታ አደረገው። በዚህ የተነሳ በ2020 የፕሌይ ስቶሩ ቅጂ መታደሱ ቆመ፤ ተጠቃሚውም ኤፍ-ድሮይድ ወደተባለው የነፃ አፖች ማከማቻ ተመራ። በ2021 ፓኬጆቹ የሚወርዱበት ቢንትሬይ ተዘጋ። አሮጌውን ቅጂ የያዙ ሰዎች ማከማቻው አልተገኘም የሚል መልእክት ሲመጣባቸው ግራ ተጋቡ። በጎ ፈቃደኞቹ ግን ፓኬጆቹን ወደ ሌላ ሰርቨር አዛውረው ሥራውን አስቀጠሉ። በ2022 ለብቻው ይያዝ የነበረው የሩት ፓኬጆች ምንጭ ከዋናው ጋር ተዋሃደ።

ሩት ኖሮም የማይሠራ ነገር አለ። ፕሮግራሞችን ለይቶ በኮንቴይነር የሚያሠራው ዶከር ከማከማቻው ይጫናል፤ ሆኖም የብዙ ስልኮች ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ዶከር የሚፈልጋቸውን አማራጮች ይዞ አይመጣም። የዋይፋይ ደህንነት መፈተሻው ኤርክራክ-ኤንጂም እንዲሁ ነው። የአብዛኛው ስልክ ዋይፋይ ቺፕ በፋብሪካ ሶፍትዌሩ ሞኒተር ሞድ (በአካባቢው ያለውን የዋይፋይ ትራፊክ ሁሉ የሚሰማበት ሁኔታ) አይገባም። ስለዚህ በኦቲጂ ገመድ (ዩኤስቢ ዕቃ ከስልክ ጋር የሚያገናኝ) የሚሰካ የውጭ ዋይፋይ ካርድ ያስፈልጋል፤ የካርዱ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ከሌለ ግን እሱም አይሠራም።