«የዕድሜ ልክ ቸር አምባገነን»፦ የአባባሉ አመጣጥና ትርጉም

በክፍት ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮዱን (የፕሮግራሙን ጽሑፍ) ማንም ሊያየውና ሊለውጠው በሚችል ፕሮግራም ዓለም፣ አንድ ሰው ፕሮግራም ይጀምራል፤ በጎ ፈቃደኞች ይሰባሰቡበታል፤ ሙግት በተነሳ ቁጥርም የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ጀማሪው ይሆናል። ይህን ሰው «የዕድሜ ልክ ቸር አምባገነን» ይሉታል።

አባባሉ የተወለደው በጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ ተጠቃሚዎች ሥራውን የሚመራ ቡድን ለማቋቋም ሲመክሩ፣ ለቋንቋው ፈጣሪ ለኔዘርላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ማዕረጉን ሰጡት፤ ያውም «የመጀመሪያው ጊዜያዊ» የሚል ቅጽል አክለውበት። ጨዋታው ግን ሥር ሰደደ። ጊዶ ከ20 ዓመት በላይ ተጠራበት፤ ማዕረጉም እንደ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ላሉ ሌሎች ተረፈ።

አምባገነን ሲባል ወታደርና እስር ቤት ይታየናል። ይህኛው ግን ማንንም ማሰር ቀርቶ ማስገደድ አይችልም። የፕሮግራሙ ፈቃድ ማንም ኮዱን ገልብጦ በራሱ መንገድ እንዲቀጥል ስለሚፈቅድ፣ የተከፋ ሰው ሥራውን ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኦፕንኦፊስ የተባለው የቢሮ ሥራ ፕሮግራም ብዙ ሠሪዎች ከባለቤቱ ኩባንያ ተለይተው ሊብረኦፊስን የመሠረቱት በዚሁ መብት ነው። «ቸር» የተባለውም ለሙገሳ አይመስለኝም፤ ቸር ካልሆነ የሚታዘዝለት ሰው አይኖርም።

እኔን የሚያሳስበኝ «ዕድሜ ልክ» የሚለው ነው። በጁላይ 2018 ጊዶ ሥልጣኑን ለቀቀ። ያደከመው በቋንቋው ውስጥ በሚጨመር አንዲት ምልክት ላይ የተነሳ መራራ ክርክር ነበር። የደገፈው ሐሳብ ጸድቋል፤ ነገር ግን ያን ያህል ታግሎ ካጸደቀው በኋላ ብዙዎች ውሳኔውን እንደሚጠሉት ማየቱ አንገሸገሸው። ለዓመታት የሁሉም ቅሬታ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ማረፉ ፍትሐዊ አልነበረም፤ ይህን ጥፋት የምቆጥረው በሥርዓቱ ላይ እንጂ በሰውየው ላይ አይደለም።

ጊዶ ተተኪ አልሾመም፤ «እናንተው ወስኑ» ብሎ ተወላቸው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ የቋንቋው ዋና አበልጻጊዎች (ኮዱን የሚሠሩት) ከቀረቡ 7 የአመራር አማራጮች መካከል 5 አባላት ያሉትን ምክር ቤት በድምፅ መረጡ። ከአንድ አሠሪ ከ2 ሰው በላይ እንዳይገባም ደነገጉ፤ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ በአንድ ኩባንያ እጅ እንዳይወድቅ የሚጠብቀው ይህ አንቀጽ ከሁሉ በላይ ደስ ይለኛል። በ2019 በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ ጊዶ ራሱ ከ5ቱ አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ደንቡ ለምክር ቤቱ ሰፊ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ሆኖም በተቻለ መጠን እንዳይጠቀምበትና መግባባትን እንዲያስቀድም ያዘዋል። አበልጻጊዎቹ እምነት ካጡበትም፣ ድምፅ ከሰጡት ሁለት ሦስተኛው ሊያወርዱት ይችላሉ።