ጋይድ ራነር ምንድን ነው? ማየት የተሳነው ሰው 1500 ሜትር እንዴት ይወዳደራል?

ጋይድ ራነር ማለት ማየት ከተሳነው አትሌት ጎን አብሮ የሚሮጥ ሰው ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የማይለጠጥ አጭር ገመድ ነው፣ አንዱ ጫፍ ሯጩ እጅ ላይ ሌላው ጋይዱ እጅ ላይ። እዚህ ደብረ ብርሃን ስለዚህ ነገር ሲወራ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው አንድ ትንሽ ልጅ ከፊት ሆኖ በዱላ ጫፍ አዛውንት እየሳበ ቤተክርስቲያን ሲወስድ ነው። ሩጫው ላይ ግን እንደዛ አይደለም፣ እንደውም ተቃራኒው ነው። ጋይዱ መጎተት አይችልም፣ መግፋት አይችልም፣ የመጨረሻዋን መስመርም ከአትሌቱ ቀድሞ ማለፍ አይችልም፣ ካለፈ ውጤቱ ይሰረዛል። የሚወዳደረው ሯጩ ነው፣ ጉልበቱም ልፋቱም የሱ ነው።

ታዲያ ጋይዱ ምን ይሰራል ካላችሁ ያወራል። መታጠፊያው ገባ፣ ወጣ፣ ከፊታችን ሁለት ሰው አለ፣ በቀኝ እየመጡብን ነው፣ አንድ ዙር ቀረ፣ አሁን ፍጥነት ጨምር። ይሄን ሁሉ የሚለው በውድድር ፍጥነት እየሮጠ ስለሆነ ከአትሌቱ የተሻለ አቅም ያስፈልገዋል፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ማውራት አይችልማ። እርምጃቸውም መግጠም አለበት፣ ገመድ የያዙት ሁለቱ እጆች አብረው ነው ወደፊትና ወደኋላ የሚሄዱት፣ ስለዚህ አንዱ በግራ ሲረግጥ ሌላው በቀኝ ይረግጣል። ይሄ በአንድ ሳምንት የሚመጣ ነገር አይደለም፣ አብሮ መክረም ይፈልጋል።

ሁሉም ግን ጋይድ አይይዝም። ፓራ አትሌቲክስ፣ ማለት የአካል ጉዳተኞች አትሌቲክስ ላይ፣ የማየት ጉዳት ያለባቸው ሯጮች በሶስት ምድብ ነው የሚወዳደሩት። ቲ 11 ምንም የማያዩ ወይ ከማየት የማይቆጠር ትንሽ ብርሃን ብቻ የሚለዩ ናቸው፣ የግድ በጋይድ ይሮጣሉ፣ ደግሞ ሁሉም ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። ለምን ይሸፍናሉ? ትንሽ ብርሃን የሚለየው ምንም ከማይለየው እንዳይበልጥ ነው፣ እኔ በጣም የምወደው ህግ ይሄ ነው። ቲ 12 ከፈለጉ በጋይድ ካልፈለጉ ብቻቸውን፣ ቲ 13 ደግሞ የተሻለ ስለሚያዩ ያለ ጋይድ።

ፓሪስ 2024 ፓራሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያዊቷ ያየሽ ጌቴ በቲ 11 1500 ሜትር በ4:27.68 የዓለም ሪከርድ ሰብራ ወርቅ ስትወስድ ከጎኗ ጋይዷ ክንዱ ሲሳይ ነበር። በዛው ፓራሊምፒክ ትዕግስት ገዛኸኝ በቲ 13 1500 ሜትር ወርቅ ወሰደች፣ እሷ በምድቧ ያለ ጋይድ ነው የምትሮጠው። ትዕግስት ከዛ በፊት ቶኪዮ ላይ ያመጣችው ወርቅ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ወርቅ ነው፣ ሀገራችን ፓራሊምፒክ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1968 ቴል አቪቭ ላይ መሆኑን ስታስቡት ስንት ዓመት እንደፈጀ ይታያችሁ።

ህጉ ጥብቅ ነው። እዛው ፓሪስ ላይ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ማራቶን ሶስተኛ ሆና ልትጨርስ ጥቂት ሜትር ሲቀራት ጋይዷ ጡንቻው ተኮማትሮ ሊወድቅ ሲል እሱን ለመያዝ ገመዱን ለቀቀች፣ በዛ ብቻ ውጤቷ ተሰረዘ። እኔ በግሌ ከብዶኛል፣ ግን ገመዱ ምን ያህል የውድድሩ አካል እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አንዳንዱ ሰው ታዲያ በሰው እርዳታ ተሮጦ ምኑ ውድድር ነው ይላል። እኛ የምናይ ሰዎችም እኮ ዓይናችንን ይዘን ነው የምንሮጠው፣ ያየሽም ያንን ነው ያገኘችው፣ ከዛ በላይ አንድ ሴንቲሜትር አልተጨመረላትም። ደግሞ ሰሜን ሸዋ ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለባትም፣ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ እግሩ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላ በዊልቸር ሆኖ ቀስት ውርወራና ጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳድሯል። የሮምና የቶኪዮ ማራቶኑን ሁላችንም እናወራለን፣ ይሄን ግን ለልጆቻችን አንነግራቸውም።

እኛ ጋ የጎደለው አቅም አይመስለኝም። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ነች፣ ጠዋት በዛ ውርጭ በቡድን የሚሮጠው ወጣት ብዙ ነው፣ ጥሩ ሩጫ እያለው ክለብ ያላገኘም አለ። በሌላ በኩል ማየት የተሳነው ተማሪ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ዳር ቁጭ በል ይባላል፣ እንዳይወድቅ ታስቦ ነው ግን ልጁ እየተማረ ያለው ሩጫ ያንተ አይደለም የሚለውን ነው። ሴት ስትሆን ይብሳል፣ ከማን ጋር ነው የምትሮጠው ብሎ ቤተሰብ ይሰጋል፣ ስጋቱም ከመሬት የመጣ አይደለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ እህቷ ወይ የክፍል ጓደኛዋ ብትይዝላት ብዙ ነገር ይቀላል።

ለመጀመር የጫማ ክር ይበቃል። ባጃጅና ሲኖትራክ ከሚሄድበት አስፋልት ራቁ፣ ድንጋይ የሌለበት ሜዳ ፈልጉ፣ መጀመሪያ በእግር፣ ከዛ ሶምሶማ፣ ሩጫው በኋላ ይደርሳል። ምልክቱን አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ጉድጓዱ ጋ ከደረሳችሁ በኋላ ጉድጓድ አለ ማለት ምንም አይጠቅምም። ጋይድ የሚሆነው ሰው ደግሞ አንድ ቀን የራሱን ዓይን በሻሽ አስሮ ሌላ ሰው ይዞት ይሩጥ፣ የትኛው ቃል እንደሚያረጋጋ የትኛው እንደሚያስደነግጥ ያኔ ነው የሚገባው። እና በልጁ ፍጥነት እየሮጣችሁ ማውራት ካቃታችሁ ልጁን ቀስ በል እንዳትሉት፣ ከናንተ የሚፈጥን ጋይድ ፈልጉለት።