«ወፈረ፣ ተመስገን» ከማለታችሁ በፊት

«ፊቱ ሞላ እኮ! ተመስገን፣ ተሽሎታል።»

ይህን ስሰማ ልቤ ድንግጥ ይላል። አሜሪካ ውስጥ በደም ካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ። አበሻ ታካሚ ሲተኛ ቤተሰቡን የማነጋግረው በአብዛኛው እኔ ነኝ። የማወራው አኪዩት ፕሮማይሎሲቲክ ሉኪሚያ ስለሚባለው፣ በአጭሩ ኤፒኤል ስለምንለው የደም ካንሰር ነው። ብዙዎቹ ታካሚዎች ሁለት መድኃኒት አብረው ይወስዳሉ። አንዱ የሚዋጥ ነው፤ አትራ ይባላል። ሌላው በደም ሥር የሚሰጠው አርሴኒክ ትሪኦክሳይድ ነው።

ቤተሰቦች ብዙ ይሉኛል። «አርሴኒክ መርዝ ነው፣ ሊገድሉት ነው።» መጠኑ በኪሎ ተሰልቶ ነው የሚሰጠው። ልቡን በኢሲጂ፣ ፖታሲየሙንና ማግኒዚየሙን በደም ምርመራ እንከታተላለን። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አትራን ከአርሴኒክ ጋር የወሰዱትን አትራን ከኪሞ ጋር ከወሰዱት ጋር አወዳድሮ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው ሳያገረሽ በሕይወት የቆዩት በቅደም ተከተል 97 እና 86 በመቶ ነበሩ። ብልጫው የአርሴኒክ ነው።

«አትራ ቫይታሚን ኤ ነው አሉ፤ የቫይታሚን ክኒን እንጨምርለት።» እባካችሁ አትጨምሩ። ዘመዳሞች ስለሆኑ ጉዳቱ ይደራረባል።

«ነጭ የደም ሴሉ ጨመረ፣ ካንሰሩ ተነሳበት።» በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መድኃኒቱ ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ውፍረቱ። ኪሞ ሴሉን ይገድላል። አትራና አርሴኒክ ግን መጀመሪያ ያሳድጉታል። የኤፒኤል ሴል ልጅነቱ ላይ ተቸንክሮ የቀረ ነጭ የደም ሴል ነው። የቸነከረው አንድ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። አትራ በአንድ ጎኑ፣ አርሴኒክ በሌላ ጎኑ ይይዙትና ያፈርሱታል። ሴሉም ማደግ ይጀምራል። ሲያድግ ታዲያ ዝም ብሎ አያድግም። ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ይለቃል፤ ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6፣ ቲኤንኤፍ የሚባሉትን። መልእክቱ ሲበዛ የደም ሥሩ ግድግዳ ያሾልካል። ውሃው ወጥቶ እግር ላይና ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ሴሎቹም ጥሪውን ተከትለው ሳንባ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ሁሉ ችግር ዲፈረንሲየሽን ሲንድሮም ይባላል። ቶሎ ካልተያዘ ይገድላል።

አንድ አባት ነበሩ። ሕክምና በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት ሚዛን ላይ ሲወጡ ከ5 ኪሎ በላይ ጨምረዋል። ባለቤታቸው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። «ልጄ፣ የኔ ሾርባ ነው ያወዛው» አሉኝ። ካልሲያቸውን ዝቅ አደረግኩት። ላስቲኩ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቦይ አውጥቷል። አውራ ጣቴን ቅልጥማቸው ላይ ጫን አድርጌ ሳነሳው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። «እትዬ፣ ሌሊት እሳቸው እንዴት ነው የሚተኙት?» ስላቸው፣ ሦስት ትራስ ደርበው ቁጭ እንዳሉ ነው አሉኝ። ማፈኑን «ብርድ ነው» ብለው ለሦስት ቀን ደብቀውናል።

ሐኪሙ ወዲያው ዴክሳሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ አዘዘ፤ 10 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ። የሚጀመረው ገና ሲጠረጠር ነው፤ ሁሉም ምርመራ እስኪያልቅ አይጠበቅም።

«ስቴሮይድ ከተጀመረማ አለቀለት።» አላለቀም። የሴሎቹን ጩኸት ነው የሚያበርደው። አትራና አርሴኒክ የሚቋረጡትም ሕመሙ ሲከፋ ብቻ፣ ለጊዜው ነው። ታካሚው ራሱ እንዳያቆማቸው።

«ሁለት መድኃኒት ሲደራረብ ጣጣው እጥፍ ነው» የሚሉም አሉ። በዚያው የ2013 ጥናት ይህ ሲንድሮም አትራን ከአርሴኒክ ጋር በወሰዱትም ከኪሞ ጋር በወሰዱትም ላይ የታየው በተቀራራቢ ቁጥር ነው። «ትኩሳት መጣ ማለት መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። ትኩሳቱ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ምንም ሳያተኩሳቸው የሚድኑም ብዙ ናቸው።

ስለዚህ አስታማሚዎች፣ በየጠዋቱ ኪሎውን ጻፉ። ጫማ ሲጠብበው ንገሩን። ትራስ ሲያስጨምር ንገሩን። ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን ደወሉን ተጫኑ፤ ነርሷን አስቸገርን አትበሉ።

እኚያ አባት በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሃው ወጣላቸው፤ ትራሱም ወደ አንድ ወረደ። አንድ ቅዳሜ ጠያቂዎች መጥተው «ውይ፣ ከሳ» ሲሉ በበሩ ሳልፍ ሰማሁ። እትዬ ቀልጠፍ ብለው «አልከሳም፤ ውሃ ነበር፣ ወጣለት» አሏቸው።