«ሞመንተሪ ስዊች» ምንድን ነው? በግል በሚሠራ አውሮፕላን የመሪ ዘንግ ላይ ስለሚገጠሙ ቁልፎች

ሞመንተሪ ስዊች የሚባለው ጣት እስከተጫነው ድረስ ብቻ የሚሠራ፣ ሲለቀቅ በውስጡ ባለው ስፕሪንግ ወደ ቦታው የሚመለስ ቁልፍ ነው። የበር ደወል የሚደወለው በዚህ ዓይነት ቁልፍ ሲሆን፣ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ግን ባደረጉት ቦታ ስለሚቆይ ከዚህ ወገን አይቆጠርም። እንደ ቫንስ አርቪ-7 ያለ አውሮፕላን ከኪት፣ ማለትም ተዘጋጅተው ከሚሸጡ ክፍሎች፣ ገጣጥሞ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው፤ አብራሪዎች «ስቲክ» በሚሉት የመሪ ዘንግ እጀታ ላይ ያለ ቁልፍ በጉልበት፣ በልብስ ወይም በተሳፋሪ እጅ ሳይታሰብ ሊነካ ስለሚችል፣ የነካው ነገር ሲነሣ ሥራውም አብሮ መቆም አለበት።

በእጀታው ላይ ቅድሚያ የሚገባው ፒቲቲ የሚባለው የራዲዮ መናገሪያ ቁልፍ ሲሆን፣ የተለመደ ቦታው ሌባ ጣት የሚያርፍበት የፊት ገጽ ነው። በአቪዬሽን ራዲዮ አንዱ ሲናገር ሌላው በዚያው ፍሪኩዌንሲ ሊሰማ ስለማይችል፣ ተጣብቆ የቀረ ፒቲቲ የአካባቢውን አብራሪዎች ሁሉ ዝም ያሰኛል። አንዳንድ ራዲዮዎች ከ30 ሰከንድ ገደማ በኋላ በራሳቸው ሥርጭቱን ቢያቋርጡም፣ ለማረፍ ለተቃረበ አብራሪ 30 ሰከንድ ረጅም ጊዜ ነው። በዚህ ቁልፍ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ጥቂት ሚሊአምፒር ብቻ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ብዙዎች ብዙ አምፒር የሚችል ቁልፍ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ለከባድ ጭነት የተሠሩ የብር መገናኛዎች፣ ማለትም ቁልፉ ሲጫን የሚነካኩት ብረቶች፣ ላያቸው ሲበላሽ አነስተኛው ኤሌክትሪክ ያንን ሽፋን ሰብሮ ማለፍ ያቅተዋል፣ ራዲዮውም አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ ይከለክላል። ስለዚህ ለፒቲቲ በወርቅ የተለበጠ መገናኛ ያለው ትንሽ ቁልፍ ይመረጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትሪም ነው፤ ይህም አብራሪው ስቲኩን ያለማቋረጥ ከመግፋት ወይም ከመጎተት የሚያሳርፈው ማስተካከያ ነው። በአውራ ጣት ወደ አራት አቅጣጫ በሚገፋ ቁልፍ ሲሠራ፣ ወደ ኋላ መሳብ አፍንጫውን ወደ ላይ፣ ወደ ፊት መግፋት ወደ ታች እንዲያደርግ ሆኖ ይገጠማል፤ ይህ ከስቲኩ እንቅስቃሴ ጋር ስለሚስማማ በድንጋጤ ጊዜም እጅ አይሳሳትም። በሁለቱም ስቲኮች ላይ የትሪም ቁልፍ ካለ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተቃራኒ አቅጣጫ ሲጫኑ በቀጥታ የተዘረጋው መስመር ሾርት ሊያደርግ ስለሚችል በመካከሉ ሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ እየታዘዘ ሌላ መስመር የሚያገናኝና የሚያቋርጥ መሣሪያ፣ ይገባል። ቁልፉ ተጣብቆ ትሪሙ በራሱ መሄዱን ቢቀጥል የሚቆረጥበት ሌላ ማጥፊያም በዳሽቦርዱ ላይ፣ እጅ ወዲያው በሚደርስበት ቦታ መኖር አለበት።

በእኔ አስተያየት ሞተሩን የሚያስነሣው የሞተሪኖ ቁልፍ እጀታው ላይ ቦታ የለውም። ሞተር የሚነሣው አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ አንድ እጅ ከስቲኩ ቢነሣ የሚጎዳ ነገር የለም፤ በበረራ ላይ ሳይታሰብ ቢነካ ግን የሞተሪኖው ጥርስ በሚሽከረከር ሞተር ላይ ይገባል። ሌላም ችግር አለ። ለሞተሪኖው ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ትልቁ ሪሌይ በውስጡ ያለው የሽቦ መጠምጠሚያ ብቻ 4 አምፒር ያህል ሊስብ ይችላል፣ ጣት ሲለቀቅም በመጠምጠሚያው ውስጥ የነበረው ኃይል ከባትሪው እጅግ የሚበልጥ ቮልቴጅ ፈጥሮ በትንሿ ቁልፍ ውስጥ ብልጭታ ያስነሣል። ብልጭታው ሲደጋገም መገናኛዎቹን ያቃጥላል፣ ሲብስም በይዶ ያጣብቃቸዋል፤ ያን ጊዜ ጣት ቢነሣም ሞተሪኖው አይቆምም። በመጠምጠሚያው ላይ የሚታሰር ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ ይህን ኃይል ስለሚያሳልፍለት ቁልፉን ይጠብቃል። በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለውን ተዘርጊ ክፍል፣ ፍላፕን፣ የሚያንቀሳቅሰው ሞተርም ከትንሽ ቁልፍ አቅም በላይ ስለሚስብ በሪሌይ በኩል ይታዘዛል፤ ፍላፕ ከተፈቀደለት ፍጥነት በላይ ሊዘረጋ ስለማይገባው ግን ቁልፉ ከእጀታው ይልቅ ዳሽቦርዱ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ።

እጀታ ከመግዛት በፊት የትኛው እጅ እንደሚይዘው ማወቅ ያስፈልጋል። በአርቪ-8 ሁለቱ ሰዎች ከፊትና ከኋላ ስለሚቀመጡ አብራሪው ስቲኩን በቀኝ፣ የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ በግራ እጁ ይይዛል። በአርቪ-7 ግን ጎን ለጎን ስለሚቀመጡና መቆጣጠሪያው መሃል ላይ ስለሚሆን፣ በግራ ወንበር ያለው አብራሪ ስቲኩን የሚይዘው በግራ እጁ ነው፤ ለቀኝ እጅ የተቀረጸ እጀታ አውራ ጣቱን ከቁልፎቹ ያርቅበታል።

ቀዳዳ ከመብሳት በፊት በወረቀት የተቆረጡ ክቦችን በእጀታው ላይ ለጥፎ፣ ወንበሩ ላይ ቀበቶ አስሮ ተቀምጦና ዓይን ጨፍኖ እያንዳንዱን በጣት መፈለግ ይጠቅማል። ከዚያም ስቲኩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወስዶ ሆድ ወይም ጭን የሚነካው ቁልፍ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። በዚሁ እንቅስቃሴ በዘንጉ ቱቦ ውስጥ የሚወርዱት ቀጫጭን ሽቦዎችም ይፈተሻሉ፤ ከቱቦው በሚወጡበት አፍ ላይ ጠርዙ እንዳይበላቸው መከለያ ይደረጋል፣ ሲታጠፉም እንዳይወጠሩ ትንሽ ትርፍ ይተውላቸዋል፣ ስቲኩ ለጥገና ሲነቀል ሽቦ መቁረጥ እንዳያስፈልግም ከሥሩ የሚፈታ ማገናኛ ይገጠማል።