ሕንፃው ሳይቆም የቆመ ጀመዓ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አት-ተውባ 18ኛው አንቀጽ መስጂዶቹን የሚገነቡትን ሲገልጽ የዘረዘረው የሰዎችን ባሕርይ ነው፤ በእርሱና በመጨረሻው ቀን ያመኑ፣ ሶላትን የሚሰግዱ፣ ዘካን የሚሰጡ፣ ከእርሱ በቀር ማንንም የማይፈሩ።

የለንደኑን የእስልምና ባህል ማእከል እንመልከት። የብሪታንያ መንግሥት በ1940 እ.ኤ.አ. ለቦታው መግዣ 100,000 ፓውንድ መደበ። በ1944 ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ በሬጀንትስ ፓርክ ማእከሉን ሲከፍቱ ግን በግቢው የነበረው ትልቅ መኖሪያ ቤት እንጂ መስጂድ አልነበረም፤ ባለ ወርቃማ ጉልላቱ መስጂድ የተጠናቀቀው በ1977 ነው። ስለዚህ ጀመዓው (የሰጋጆቹ ማኅበረሰብ) ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለ ሚናራ ቆይቷል። ዛሬ በዚያው ግቢ ልጆች ቁርኣን ይቀራሉ፣ ኒካሕ ይታሰራል፣ አዲስ ሰለምቴዎች ሸሃዳ (የእምነት ምስክርነት) ይይዛሉ።

እንዲህ ያለው የሥራ ብዛት የመስጂድን ክብር የሚቀንስ አዲስ ፈጠራ የሚመስላቸው ወንድሞች አሉ። የመዲናው መስጂድ ግን ቤት የሌላቸው ሶሓባዎች (የነብዩ ባልደረቦች) በሱፋ፣ በመስጂዱ ጥላ ያለው ማረፊያ፣ የሚያድሩበት፣ በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በድንኳን የታከሙበት ነበር። በዒድ ቀንም ሐበሾች በዚያው መስጂድ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤታቸውን ዓኢሻን (ረ.ዐ) በልብሳቸው ከልለው፣ እርሷ እስክትጠግብ ድረስ አስመልክተዋታል፤ ይህን ሐዲስ ከሐበሻ ልጆች ይልቅ ማን በፍቅር ሊያወሳው ይገባል? ሆኖም እኒሁ ነብይ በመስጂድ ውስጥ መሸጥና መግዛትን ከልክለዋል። በሩ ሰፊ ነው፣ ለሁሉ ነገር ክፍት ግን አይደለም።

እኔ በማእከሎቻችን ለውጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። መስጂዱን ትጠርግ የነበረች ሴት ስትሞት ሶሓባዎች ነገሩን አቅልለው ለነብዩ ሳይነግሩ ቀበሯት፤ እርሳቸው ግን ሲያጧት ጠየቁ፣ ለምን እንዳልነገሯቸው ወቀሱ፣ ወደ ቀብሯም ሄደው ሰገዱባት። ኮሚቴዎቻችን ስለ ምንጣፍና ስለ መኪና ማቆሚያ በሚመክሩበት ስብሰባ ላይ ከጀመዓው የጠፋ ሰው ስም የሚነሳበት ሰዓት ይኑር፤ በተለይም ኹጥባው (የጁሙዓው ስብከት) ልጆቻችን በሚሰሙት ቋንቋ ከሆነ ወዲህ መምጣት የተዉ እናቶችና አባቶች።